ስለ ትንሿ የቴሌቪዥን ሣጥንና ስለ አንዲት ባልቴት

ወደ ሰው ቤት የሚገባ ዕቃ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይገባል። መጀመሪያ በሸክም ይገባል፤ ኋላም በልማድ ይገባል። ምጣድ ተገዝቶ በመጣበት ቀን ገና ምጣድ አይደለም፤ በጎመን ዘር ታሽቶ፥ አንድ ሁለት እንጀራ ተበላሽቶበት፥ የጋጋሪዋን እጅ ሲለምድ ነው ምጣድ የሚሆነው። ዛሬ በብዙ ቤት ከቴሌቪዥን ጋራ የምትገጠመው፥ ከኢንተርኔት ሥዕልና ድምፅ እየሳበች የምታሳየው ትንሿ ሣጥንም ነገሯ እንደዚሁ ነው። ሻጩ «በ10 ደቂቃ ውስጥ ትሠራለች» ይላል፤ ቃሉም ሐሰት አይደለም፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሥዕሉ ይታያል። ነገር ግን የሥዕሉ መታየት አንድ ነገር ነው፤ ከቤቱ ሰዎች መካከል ለዕቃው እንግዳ የሆነው ሰው ማንንም ሳይጠራ የወደደውን ለማየት መቻሉ ሌላ ነገር ነው። ሣጥኒቱ በእውነት ተተከለች የሚባለው ይህ ሁለተኛው በተፈጸመ ጊዜ ነው።

የዚህች ዕቃ ታሪክ ረዥም አይደለም። ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አስቀድሞ ፊልም በፖስታ እየላከ ያከራይ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ግን ፊልሙን በኢንተርኔት መስመር መስደድ ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት በ2008 ሮኩ የተባለው ኩባንያ ይህን ፊልም በቴሌቪዥን ላይ የምታሳይ ሣጥን በ99 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለገበያ አወጣ። ሮኩ ማለት በጃፓን ቋንቋ ስድስት ማለት ነው፤ አንቶኒ ዉድ ያቋቋመው ስድስተኛው ኩባንያ ስለ ሆነ ይህን ስም አወጣለት። ከዚያም በ2013 ጉግል ክሮምካስትን በ35 ዶላር፥ በ2014 አማዞን ፋየር ቲቪ ስቲክን በ39 ዶላር ሸጡ፤ ዕቃውም እያነሰ እያነሰ ሄዶ በመዳፍ የሚጨበጥ ሆነ። በ2025 ዓ.ም. በሜይ ወር፥ የተመልካችን ጊዜ የሚቈጥረው ኒልሰን የተባለው ድርጅት እንዳስታወቀው፥ የአሜሪካ ሰዎች በቴሌቪዥን ፊት ካሳለፉት ጊዜ ከመቶ 44.8 እጁ በኢንተርኔት የመጣውን በማየት ያለፈ ነው፤ ይህም በአየርና በኬብል የሚመጣውን ሁለቱን ደምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ።

አሠራሯ ጎተራ ለሚያውቅ ሰው አይከብድም። ፊልሙ በሩቅ አገር ባሉ ኮምፒዩተሮች ውስጥ በጥቂት ሰኮንድ ልክ ተቈራርጦ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም ቍራጭ ጥራቱ ከፍና ዝቅ እያለ በልዩ ልዩ ዐይነት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሣጥኒቱ መስመሩ ሲሰፋ ጥሩውን፥ መስመሩ ሲጠብ መናኛውን ትጠራለች። የመጣላትንም ሁሉ ወዲያው አታወጣም፤ ጥቂት በጎተራ አጠራቅማ ከዚያ እየቀዳች ታሳያለች። ሥዕሉ ቆሞ በመካከሉ ክብ ነገር መዞር ሲጀምር ጎተራው ባዶ ሆነ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሪሞቱን መደብደብ ምንም አይጠቅምም። ኔትፍሊክስ ለጥሩ ሥዕል በሰኮንድ 5 ሜጋቢት፥ እጅግ ለጠራው ለ4ኬ ደግሞ 15 ሜጋቢት ያስፈልጋል ይላል። ብዙ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መስመር ገዝቶ ሳለ ሥዕሉ ይቆምበታል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ከቤት ውጭ ሳይሆን ከቤት ውስጥ ነው። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሄደው ዋይፋይ ግድግዳ አልፎ ይደርሳል፥ ነገር ግን ዝግተኛ ነው፤ የ5 ጊጋኸርትዙ ፈጣን ነው፥ ግድግዳ ሲበዛበት ግን ይደክማል። በቴሌቪዥኑ ጀርባ የምትሰካዋን ዐይነት ደግሞ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይጋርዳታል፤ በአጭር የኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ጎን ስትወጣ ይሻላታል። የኤሌክትሪክ ኃይሏንም ከቴሌቪዥኑ ከምትለምን ከግድግዳው ሶኬት ብታገኝ ይበልጣል፤ ቴሌቪዥኑ በጠፋ ቍጥር አብራ ጠፍታ እንደ ገና ከመነሣት ትድናለችና።

ይህ ሁሉ ግን የመጀመሪያው መግባት ነው። ሁለተኛው እንዴት እንደሚዘገይ በሜሪላንድ፥ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፥ በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት የሆነው ነገር ያስረዳል።

ባልቴቲቱ ከደብረ ብርሃን ወደ ሴት ልጃቸው የመጡት ለሽርሽር አልነበረም። ልጃቸው በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት፤ የ11 ዓመት ልጅ አላት፤ ብላቴናው ሌሊቱን ብቻውን እንዳያድር አያቱ ተጠሩ። ስለዚህ እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሳሉ ቀናቸው አይገናኝም ነበር። ልጂቱ ማለዳ ገብታ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ትተኛለች፤ ብላቴናው በ10 ሰዓት ከትምህርት ቤት ይመለሳል፤ በመካከሉ ያለውን ረዥም ቀን ባልቴቲቱ ብቻቸውን ይውሉታል። እናቷን ቀኑ እንዳይከብዳቸው ብላ ልጂቱ አንዲት የሮኩ ሣጥን ገዛች። የተከላት ብላቴናው ነው። ሰካ፥ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል አስገባ፥ በፊተኛው ገጽ የራሱን ጨዋታና የራሱን ፊልም ደረደረ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጨርሶ ሪሞቱን ለአያቱ ሰጣቸው።

በማግሥቱ ባልቴቲቱ ሪሞቱን በጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። በፊታቸው ያለው ሁሉ በላቲን ፊደል የተጻፈ ስለ ሆነ ምንም አልነኩም። ሮኩ ደግሞ ማንም ሳይነካት ስትቈይ በሐምራዊ ቀለም የተሣለ ከተማ በዝግታ ሲያልፍ ታሳያለች፤ ይኸውም ሥራ ፈት ስትሆን የምትከናነበው መጋረጃ ነው እንጂ ትርኢት አይደለም። ልጂቱ ከእንቅልፏ ተነሥታ «እማዬ፥ ዛሬ ምን ስታዪ ዋልሽ?» ብላ ጠየቀች።

«አንድ ከተማ ሲያልፍ ሳይ ዋልኩ። ሕንጻው ብዙ ነው፤ ሰው ግን አይታይበትም» አሉ።

ልጂቱ ሳቀች። «ታዲያ ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ሌሊቱን ሙሉ ቆመሽ አድረሽ? ደግሞስ ብትሠራ እንኳ ድምፅ አላወጣባትም፤ አንቺ ተኝተሽ።»

ሳቋ በዚህ ተቈረጠ። እናቷ ያለ ድምፅ የዋሉት አለማወቃቸው ብቻ አግዷቸው አልነበረም፤ ለእርሷ እንቅልፍ ሲሉ ጆሯቸውን ማስጾማቸው ነበር። ሣጥኒቱ ብትታወቅም ባትታወቅም በዚያ ቤት ዲዳ ሆና ልትቀር ነበር።

ልጂቱ በዕረፍቷ ቀን ከብላቴናው ጋራ ሥራውን እንደ ገና ጀመረች፤ አሁን ግን ከሣጥኒቱ ሳይሆን ከእናቷ ተነሣች። «ምን ትወጃለሽ?» ብትላቸው የአገር ወሬ፥ የአማርኛ ድራማ፥ የድሮ ዘፋኞች፥ እንዲያው ከተቻለም የደብረ ብርሃን መንገድ አሉ። ይህ ሁሉ በዩቲዩብ ይገኛል። ስለዚህ በሪሞቱ ላይ ያለውን የኮከብ ምልክት ተጭነው ዩቲዩብን ወደ መጀመሪያው ስፍራ አዛወሩት፤ የቀረውንም ብላቴናው እያጕረመረመ አብዛኛውን አነሡት። የቤት ሥዕል ባለበት ቍልፍ ላይ ልጂቱ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችና «የትም ብትጠፊ ቀዩን ስትጫኚ ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለቻቸው። ከብዙ ገጽ መመሪያ ይልቅ ይህች ጠብታ ቀለም ሠራች።

በቴሌቪዥኑ ላይ ፊደል በፍላጻ እየለቀሙ መጻፍ ለወጣትም ያታክታል፤ ለባልቴቷማ የማይሞከር ነው። ስልክ ግን በእጃቸው አለ። ጉግል በ2017 ዓ.ም. አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉት ቋንቋዎች ጋራ ስለ ደመረው፥ በስልኩ ተናግሮ የወጣውን ወደ ቴሌቪዥኑ መላክ ይቻላል፤ ሁለቱም አንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑ በሚያሳየው ቍጥር ይተሳሰራሉ። ባልቴቲቱ በመጀመሪያው ቀን ስልኩን ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ሆነው ጮኹበት፤ በሦስተኛው ቀን ዝቅ አሉ።

ከሁሉ የበለጠው ግን ስለ ድምፁ የተገኘው ነው። የሮኩ የስልክ መተግበሪያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ ስልኩ ጠርቶ በጆሮ ማዳመጫ ያሰማል፤ ሥዕሉ በግድግዳው ላይ፥ ድምፁ በአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ይሆናል። ይህን ብዙ ባለ ሣጥን ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ። በዚያ ቤት ግን ከሣጥኒቱ ዋጋ ግማሹ ይህ ነበር፤ እናት በድምፅ እያዩ ልጅ በጸጥታ ተኛች።

ያልተስማሙበትም ነገር ነበረ። ዩቲዩብ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ ይቀጥላል፤ ልጂቱ ይህን ዘጋችው፥ ያልመረጡት ነገር እንዳይመጣባቸው። በሳምንቱ ባልቴቲቱ እንዲመለስ ለመኑ። «አንዱ አልቆ ዝም ሲል ቤቱ ይከብደኛል» አሉ። ልጂቱ ትክክለኛ የምትለው ምክር በብዙ መጽሔት የሚነበብ ነው፤ ለሕፃናት ላለበት ቤትም መልካም ነው፤ ነገር ግን የ70 ዓመት ሰው የራሳቸውን ዝምታ ከማንም ይልቅ ራሳቸው ያውቁታል። ተመለሰላቸው። ብላቴናው አንድ ቀን ከሪሞቱ ጋራ ሲጫወት የኮከቡን ቍልፍ 4 ጊዜ አከታትሎ ቢጫን፥ ሣጥኒቱ በገጿ ያለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ታነብ ጀመር፤ ይህ ለዐይነ ስውራን የተሠራ መልካም ነገር ነው፥ በድንገት ሲመጣ ግን ያስደነግጣል። እንደ ገና 4 ጊዜ ሲጫኑት ይተዋል።

ገንዘብን ስለሚነካውም አንድ ነገር መነገር አለበት። ሮኩን ለመትከልና ለመክፈት ክፍያ የለም፤ በስልክ ወይም በሐሰት ገጽ «መክፈቻ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፤ እንግሊዝኛ የማያዘወትሩ ሰዎችም በዚህ ቶሎ ይያዛሉ። ግዢ የሚከለክል የምሥጢር ቍጥር በሂሳቡ ላይ ማኖር ደግሞ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበር፤ ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት ማታ ማታ የጎረቤት ልጅ ይሞላበት ነበር፤ ሰዓቱንም የሚወስነው ጣቢያው ነበር። ዛሬ ሰዓቱን የሚወስነው ተመልካቹ ነው፥ ስለዚህም እያንዳንዱ ለብቻው ማየቱ ይቀናዋል። ባልቴቲቱ ይህን አልወደዱትም። ቅዳሜ፥ ልጂቱ ባልተኛችበት ሰዓት፥ በዚያው ሕንጻ የሚኖሩ ሁለት ሴቶች ይጠራሉ፥ ቡና ይፈላል፥ ማዳመጫው ይነቀላል፤ ስለ ድራማውም ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። ያመለጣቸውን ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቍልፍ የሚጫን ብላቴናው ነው፤ ለዚህም ሥራ ቈሎ ይከፈለዋል።

አንድ ማለዳ ልጂቱ ከሥራ ገብታ ጥቂት ልታይ ብትቀመጥ ገጹ ተለዋውጦ አገኘችው። ዩቲዩብ በስፍራው አለ፤ የብላቴናው ጨዋታ ግን ከፊተኛው ረድፍ ወርዶ በመጨረሻው ጥግ ሄዷል። ብላቴናው ተጠርቶ ማለለት፥ እርሱ እንዳልነካው። ባልቴቲቱ ከማድ ቤት ሆነው፥ «የኮከቡን ቍልፍ ተጭኜ ነው። ትምህርቱን ሲጨርስ እመልስለታለሁ» አሉ።