የ48 ፍሬ ከረጢት

«ገበጣ» ስል ብዙ ሰው «ገበታ» ያልኩ ይመስለዋል። «ገበታ ለሸገር»፣ «ገበታ ለሀገር» ከመጡ ወዲህማ በስልክ ሳወራ «የትኛው ፕሮጀክት?» ተብዬ አውቃለሁ። እኔ የማወራው በጠፍጣፋ እንጨት ላይ፣ እንጨት ከሌለም መሬት ላይ፣ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ተቆፍሮ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ተጨምሮ ስለሚጫወቱት ገበጣ ነው። 12 ጉድጓድ፣ 48 ጠጠር። ቁጥሯን ያዙልኝ፤ ከረጢቱ የሚሰፋው በእሷ ልክ ነው።

ጨዋታው አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙ ከ100 በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በቦረናና በጉጂ ሳዴቃ ይባላል። ወደ ሰሜን ሲኬድ ሦስት ረድፍ ጉድጓድ ያለውም አለ። 100 ዓይነት ሕግ ባለበት አገር እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቤት ሕግ እንደ ትክክለኛው ቢቆጥር አይገርምም። በእኛ ቤት የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ፊት ለፊቷ ያለው ይበላል። አራት የሞላ ጉድጓድ ደግሞ «ላም ወለደች» ተብሎ ይነሳል። ሌላ ሕግ ይዞ የመጣ እንግዳ ከእማዬ ጋር ተከራክሮ ሲያሸንፍ አላየሁም።

እናቴ የምትኖረው አዲስ ዓለም ነው። ዓይኗን የያዛት ግላኮማ ነው። የዓይን ሞራ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ሕክምና ይነሳላት ነበር፤ ግላኮማ ግን የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፤ መድኃኒቱ የቀረውን ለማቆየት ነው። አሁን የምታየው የበሩን ብርሃንና የቆመ ሰው ጥላ ብቻ ነው። እኛ ልጆቿ አራቱም አዲስ አበባና ውጭ አገር ነን። «ነይ፣ ከእኛ ጋር ኑሪ» ያላልናት ቀን የለም። መልሷ አንድ ነው፦ «የናንተን ቤት ግድግዳ አላውቀውም። የዚህ ቤት ግድግዳ ያውቀኛል።»

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሷ ዘንድ ጎራ ይላሉ። ገበጣውን በረንዳው ላይ ዘርግታ ትጠብቃቸዋለች። ስትጫወት ጣቶቿን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ታሳልፋለች። በየትኛው ጉድጓድ ስንት እንዳለ በአንድ ዙር ዳሰሳ ትይዘዋለች፤ ተራዋ ሲደርስ እንደገና መቁጠር አያስፈልጋትም። ዓይን ያላቸው ልጆች እየቆጠሩ፣ እየተሳሳቱ፣ እሷ እየበላቻቸው ይመሻል። አንዱ ጎረምሳ ሊያጭበረብር አንዷን ጠጠር ወደ ራሱ ጉድጓድ ገፋ ሲያደርግ ድምፁን ሰምታ እጁን ቀብ ያደረገችውን እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ችግሩ ጠጠሩ ነው። መጀመሪያ በፌስታል ነበር የምታስቀምጠው፤ ፌስታል ደግሞ ሁለት ሳምንት አይቆይም። ቀጥሎ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተሞከረ። ቆርቆሮው ጥሩ ነበር፣ ግን የአፉ ጠርዝ ጣቷን ቆረጣት። ለማታይ ሰው ጣት ማለት ዓይን ነው፤ ቆርቆሮው በዚያው ቀን ተጣለ። ከረጢት መስፋት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ በእሷው የፔዳል ሲንጀር፣ እሷው ባስተማረችኝ ስፌት።

እስቲ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ መስፊያ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ለውጭው ካኪ ጥሩ ነው፤ ያረጀ ሱሪ እግር ይበቃል። ለገበር አቡጀዲ። ገበሩ ነጭ ወይም ደማቅ ይሁን፤ ጥቁር ከሆነ የመጨረሻዋ ጠጠር ማዕዘን ውስጥ ተደብቃ ትቀራለች፣ ልጆችም «አለቀ» ብለው ይሄዳሉ። ከካኪውም ከአቡጀዲውም 22 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ሁለት ቁራጭ ይቆረጣል። ስፋቱን ለምን አበዛሽው የሚለኝ ሰው አለ። ለ48 ጠጠር እርግጥ ከዚህ ያነሰም ይበቃ ነበር። ከረጢቱ ግን መያዝ ያለበት እጅንም ጭምር ነው፤ እጅ እስከ ታች ገብታ መዞር አለባት።

ጎንና ጎኑን ሁለት ጊዜ ስፉት፤ አንዴ ከውጭ፣ ገልብጣችሁ ደግሞ ከውስጥ፣ የጨርቁ ጫፍ በስፌቱ መሐል ተሸሽጎ እንዲቀር። የተተረተረ ክር ጠጠር ላይ ይጠመጠማል፤ ለእማዬ ጣት ደግሞ አንዲት ክር ማለት ሌላ ፍሬ ናት፤ ቆጠራውን ታበላሻለች። ታች ሁለቱን ማዕዘኖች ቆንጥጣችሁ፣ ሦስት ማዕዘን አስመስላችሁ በአግድም ስፉ። እንዲህ ሲሆን ከረጢቱ መቀመጫ ያወጣል፤ ሳይደገፍ ይቆማል። መቀመጫ የሌለው ከረጢት ሲያስቀምጡት ይወድቃል፣ ሲወድቅ ይደፋል፤ የተደፋውን የሚለቅመው ደግሞ የሚያይ ሰው ነው።

አፉ ላይ እጥፋት ሠርቼ ሁለት ገመድ በተቃራኒ አቅጣጫ አስገባለሁ፤ አንዱ በግራ ይወጣል፣ ሌላው በቀኝ። ሁለቱን ሲስቡ አፉ ይዘጋል። ገመዱ ናይሎን ባይሆን ይሻላል፤ ናይሎን ያንሸራትታል፣ ሲቋጠርም ለመፍታት ጥፍር ይፈልጋል። እኔ የጥጥ ክር በሦስት ገምጄ ነው የማስገባው። የአንዱ ጫፍ ዶቃ አለበት፣ የሌላው ቋጠሮ ብቻ ነው፤ እማዬ በዚያ ግራና ቀኙን ትለያለች። ፊቱንና ጀርባውን እንድትለይ ደግሞ በአንድ በኩል ከአሮጌ ነጠላዋ የወጣ ጥለት ለጠፍኩበት። ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ነው። እሷ አታየውም፤ «ግን አምሮበታል አይደል?» ትላለች።

በሁለተኛው ከረጢት ላይ የተጨመረው ነገር የእሷ ሐሳብ ነው። ከውስጥ መሐሉን በጨርቅ ከፍዬ ሁለት ክፍል አደረግሁት፤ ለያንዳንዱ ተጫዋች 24፣ ለያንዳንዱ ክፍል 24። ቆጠራው እስከ 48 ከሚሄድ ይልቅ ሁለት ጊዜ 24 ሲሆን ይቀላል፤ የጎደለው በየትኛው ተጫዋች በኩል እንደሆነም ወዲያው ይታወቃል። ልጆቹ ይህን አልወደዱትም።

ጠጠር ጠጠር እላለሁ እንጂ አሁን የምትጫወተው በባሕር ዛፍ ፍሬ ነው፤ የነጭ ባሕር ዛፍ፣ ያ ጠንካራውና ጠርዝ ጠርዝ ያለው። ልጆች ሆነን እንደ እሽክርክሪት እናሾረው ነበር። ለማታይ ሰው ከጠጠር ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ሁለት ፍሬ ተጣብቆ አንድ አይመስልም፣ ሲጠፋም በማግስቱ መንገድ ላይ ይለቀማል። እርጥቡን ግን እንዳትጠቀሙ፤ ዘይቱ ጨርቅ ያበላሻል። ሁለት ሳምንት ጸሐይ ላይ ይድረቅ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከረጢቱ ሲከፈት ጉንፋን የያዘው ሰው የታጠነበት ክፍል ይሸታል። እኔ እወደዋለሁ።

አዲስ ዓለም ላይ ባሕር ዛፍ ይዞ መጫወት ትንሽ ፌዝ አለበት። አጤ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይህችን ከተማ የቆረቆሩት ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩ ነበር። አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አልቆባት ነበርና ነው። ስሟም ከዚያው ነው፤ አዲስ ዓለም። ቤተ መንግሥቱ መሠራት ጀመረ፣ መንገድም ተጠረገላት። በመሐሉ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ላይ ተስፋፋና የእንጨቱን ችግር አቃለለው፤ ዋና ከተማውም እዚያው ቀረ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እማዬ ይህን ታሪክ ስታወራ ፍሬውን በእጇ እያሸች «በዚህች ተበላን» ትላለች። ለነገሩ ዋና ከተማ ሆና ቢሆን ኖሮ እንዲህ ጸጥ ያለ በረንዳ አይኖራትም ነበር።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ከሚኒሶታ የመጣው የታላቅ እህቴ ልጅ ደግሞ የራሱን ጨዋታ ይዞ መጣ። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ከበው አንድ ተረት አብረው ያወራሉ፤ ጀግናው ገደሉን ይዝለል ይውደቅ የሚወስነው ዳይስ ነው። ዳይሱም እኛ የምናውቀው ባለ ስድስት ፊቱ ብቻ አይደለም። አንድ ሙሉ ስብስብ ሰባት ነው፦ ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ሁለት ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 20 ፊት። ይህን ሁሉ የያዘው በካልሲ ውስጥ ነበር። «አክስቴ፣ ጓደኞቼ የተሰፋ ከረጢት አላቸው» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው።

እማዬ ካልሲውን ተቀብላ አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። ባለ 4 ፊቱን «ይሄ እሾህ ነው» ብላ መለሰችለት። ባለ 20 ፊቱን ግን ከእጇ ማስለቀቅ ከበደን። በጣቷ ቁጥሮቹን እየተከተለች፣ እያገላበጠች ቆየች። ጨዋታውን ሲያስረዳትና እኔ ስተረጉም ከሰማች በኋላ «ይሄማ ዕጣ ነው» አለች። «ሰው ሲሸነፍ ማንን ይወቅሳል?» ገበጣ ላይ ዕጣ የለም፤ ሁሉም ፍሬ ፊት ለፊት ተዘርግቷል፤ የተሸነፈው ያልቆጠረው ነው። ልጁ ይህን ተርጉሜ ስነግረው ሳቀ። ከዚያ አምስት ቀን ሙሉ ገበጣ ተጫወተ። አንድም ቀን አላሸነፈም። አማርኛ ቁጥር ግን እስከ 48 ድረስ አጣርቶ ይዞ ሄደ።

ለእሱ የሰፋሁት ከውስጥ ከፈይ ነው። ዳይስ ፊቱ እንዳይጫጫር ለስላሳ ይፈልጋል፤ ለባሕር ዛፍ ፍሬ ግን ከፈይ አይሆንም፣ ጠርዙ እየያዘ ጸጉሩን ይነቅለዋል። ሁለት ጓደኞቹም አይተው ጠይቀውኝ ሰፍቼላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ከዓመት በፊት ታላቅ ወንድሜ አዲስ ዓለም ድረስ ሄዶ «በቃ፣ ዕቃሽን እንሸክፍ» ብሏት ነበር። ብቻዋን ማደሯ እንቅልፍ ነስቶታል፤ እውነቱን ነው። እሷ ደግሞ ውል አቀረበችለት። «ማታ ማታ ፍሬዬን ቆጥሬ ነው የምተኛው። በስልክ ቁጥሩን እነግርሃለሁ። 48 እያልኩህ ድረስ አትንኩኝ። የማላውቀው ቀን ያኔ ትወስዱኛላችሁ።» ወንድሜ ተቀበለ። እኔ ባይቀበል ይሻለኝ ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ ለመኖር በየማታው መፈተን አለበት ወይ? ግን ያቀረበችው እሷ ናት፤ እሷ ያቀረበችውን ደግሞ ማን ይመልሳል።

አንዳንድ ማታ «47፣ አንዷ የእከሌ ኪስ ውስጥ ናት» ትለዋለች፤ በማግስቱ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይዞ ይመጣል። ሐምሌ ላይ ግን ሦስት ማታ ተከታትሎ «46» አለች። ልጆቹ ኪሳቸውን ገለበጡ፤ የለም። እሷም «ፍሬ ብትፈልጉ ከደጅ ለቅማችሁ ሙሉልኝ፣ ግን የጠፉት እዚሁ ናቸው» አለች። ወንድሜ ደወለልኝ። ድምፁ የዕቃ መሸከፊያ ድምፅ ነበር። ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩ። ከረጢቱን ገለበጥኩት፤ ባዶ ነው። እማዬ ተቀበለችኝና በሁለት ጣቷ ከታች ጠርዙን ጠርዙን ጨመቀችው። «ይኸው» አለች። የፍሬዎቹ ጠርዝ ገበሩን በልቶት ቀዳዳ ከፍቷል፤ ሁለቱ በአቡጀዲውና በካኪው መሐል ገብተው ተቀምጠዋል።

ወንድሜ በስልክ ሲሰማ ጥቂት ዝም ብሎ «እና አሁን ስንት ሆነ?» አላት።

ሦስተኛው ከረጢት ገበር የለውም፤ ራሱን ካኪውን ደርቤ፣ መሐል ለመሐል በጥልፍልፍ ስፌት አያይዤ ነው የሠራሁት። ክረምቱን አልፏል። ገመዱን ግን መቀየር አለብኝ፤ ባለ ዶቃው በኩል መላላጥ ጀምሯል።