ፓምፑ ሲያጉረመርም

ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የቤት ኪራይ ቢያንገፈግፈው አልጋም፣ ምድጃም፣ መታጠቢያም ያለበት አሮጌ መኪና ገዝቶ ገባበት። አገሬው «አርቪ» ይለዋል። ሻጩ «እንከን የለውም» ብሎ ነበር የሸጠለት። የበረዶው ወራት አልፎ ልጠይቀው ስሄድ ግን ከመታጠቢያው አጠገብ ወለሉ ሲረግጡት ይሰምጣል። ወለሉ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ከበሰበሰ ደግሞ ወንድሜ ሌላ ቤት የለውም።

ውኃ አታላይ ነው፤ የሚያፈስሰው በአንድ በኩል፣ ብቅ የሚለው በሌላ በኩል። ስለዚህ ሌሊት ቧንቧውን ሁሉ ዘግተን፣ ፓምፑን ብቻ ከፍተን አዳመጥን። ፓምፑ ግፊቱ ሲሞላ ዝም ይላል፤ ሲቀንስ ራሱ ይነሣል። ዝም ብሎ ቢያድር ኖሮ ጥርጣሬያችን ወደ ጣሪያውና ወደ እጣቢ መውረጃው በዞረ ነበር። እሱ ግን ማንም ውኃ ሳይቀዳ በየጥቂት ደቂቃው ያጉረመርማል። ወይ ውኃው ወደ ማጠራቀሚያው እየተመለሰ ነው፣ ወይ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

«ጋሼ፣ ሶፍት አምጣ» አልኩት። መጋጠሚያውን ሁሉ አንድ በአንድ በደረቅ ሶፍት ዳበስን። (ግድግዳውን በቧንቧው ላይ የቸነከረው ሰው፣ አንድ ቀን የሚፈታው እንደሚመጣ ያሰበም አይመስል!) ከውኃ ማሞቂያው ጀርባ ሶፍቱ ረጠበ። ቧንቧ ውስጥ የቀረ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል፤ የፕላስቲኩን መጋጠሚያ ሰንጥቆታል።

መጋጠሚያው ተለወጠ፤ ፓምፑም ዝም አለ። ወለሉን ወንድሜ «ይደርቃል» ይላል። እኔ ስረግጠው ግን አሁንም ይሰምጣል።