ጭራቅ አለ ወይ?

እናንተዬ፣ ጭራቅ አስቋችሁ ያውቃል? እኔን አሳቀኝ። ሰሞኑን ደብረ ታቦር፣ እናታችን ቤት፣ ከትንሹ ወንድሜ ጋር «ዘ መንስተርስ»ን አየን። ሮብ ዞምቢ እ.ኤ.አ. በ2022 የሠራው ለቤተሰብ የሚሆን ፊልም ነው። መነሻው ከ1964 እስከ 1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው ተከታታይ ኮሜዲ ነው።

ፊልሙ የሚተርከው ሄርማንና ሊሊ እንዴት እንደተገናኙ ነው። ዋናው ቀልድ ግን ያለው በድሮው ተከታታይ ውስጥ ነው። አባትየው ቀብር አስፈጻሚ ቤት ይሠራል፣ እናትየው ቤቷን ታስተዳድራለች፤ ራሳቸውን እንደማንኛውም ቤተሰብ ነው የሚያዩት። ሰው ግን ሲያያቸው እግሬ አውጪኝ ይላል። ቆንጆዋን የእህት ልጅ ማሪሊንን ደግሞ መልክ ያልሰጣት ምስኪን ናት ብለው ያዝኑላታል!

ስንስቅ ቆይተን ወንድሜ «እኛ አገርም ጭራቅ አለ?» አለኝ።

ሳቄ ቆመ። ልጅ ሳለሁ ገበያ ላይ ጀበና የምትሸጥ ሴት ነበረች። «ቡዳ ናት፣ ዓይኗን እንዳታዪ» ተብያለሁ። አንድ ቀን ጀበናውን ስታቀብለኝ ጥያት ሮጥኩ። ቡናውን ግን በእሷው ጀበና ነበር የምንጠጣው።

ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ ነው። በመድፉ እንኮራለን፤ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ግን ቡዳ ስንል ኖርን።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣

«ታዲያ ጭራቋ አንቺ ነበርሽ?» አለኝ።

ምን ልበለው?