ያልሰማሁት ቃል

አባቴን ይዤ ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ስመጣ፥ ለጉራ ስል ማርሚታዋን አስወልቄ ባዶ ቧንቧ ያስበየድሁባት ኮሮላ እንደ ኮርማ ታጓራ ነበር። አባቴ በመንገድ አንድ ነገር ቢናገሩ፥ ሳልሰማ ራሴን ነቀነቅሁ። ሐይቅ ዳር ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ፥ «ከተስማማህማ የእናትህን ቤት እሸጠዋለሁ» አሉኝ።

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ቃጠሎ ያደርጋል፤ ይህም ምት ከመኪናው ውስጥ አየር ንዝረት ጋር ሲገጥም ጆሮ የሚደፍን ጉርምርምታ ይሆናል። እኔም ሞኙ ወለሉን በምንጣፍ ደራረብሁ፤ እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ግን ምንጣፍ አይበግረውም። በመጨረሻ ማርሚታውን አስመለስሁ።

በሳምንቱ አባቴን አሳፍሬ፥ «አባባ፥ የቤቱን ነገር እስቲ ይድገሙልኝ» አልኋቸው።

«ቀብድ ተቀብያለሁ» ሲሉ ቃሉ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።