«ጉልበት ይዘርጋ!»

በጎልማሳነቴ በጀመርኩት የባሌት ትምህርት አዘውትሬ የምሰማው ትእዛዝ «ጉልበት ይዘርጋ!» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1661 ሉዊ 14ኛ አካዳሚ ያቋቋመለት ይህ ጥበብ ከሁሉም እግር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይጠይቃል። ውጤትን ማዘዝና እንቅፋትን መለየት ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በጀርባዬ ተኝቼ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እግሬን በዳንሱ ከፍታ ይዛ ስትዘረጋው ጉልበቴ ቀጥ ይላል፤ እጇን ስትለቅ መልሶ ይታጠፋል። ስለዚህ የያዘኝ የአጥንቱ ቅርጽ ወይም የኋላ ጭኔ ጡንቻ ማጠር ሳይሆን የፊት ጭኔ ጡንቻ መድከም ነው፤ የሚያሻውም መለጠጥ ሳይሆን ማጠንከር ነው። በባለሙያ እጅም የማይቃና ጉልበት ቢሆን ፍርዱ ይለይ ነበር፤ አጥንት የወሰነውን በግድ መጫን መገጣጠሚያን ይጎዳል። አማርኛ መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም «ጉልበት» ይላቸዋል፤ ለእኔ የጎደለኝ ሁለተኛው ነው።