ከ501 ወደ ዜሮ

ገበያ የወጣችው ታላቅ እህቴ በቀጥታ ወደ እንጨት ሥራ ቤቴ መጣችና፣ የያዘችውን ሳታወርድ «አንተ ልጄን ምን አድርገህብኝ ነው? ሰፌዴን በምስማር ወግቶ ወግቶ ወንፊት አደረገው!» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ጥፋተኛው እኔ መሆኔ ታወቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ተቀጥሬ ስሠራ የድርጅታችን የዳርት ተጫዋች ነበርኩ። ሲሰሙት ትልቅ ነገር ይመስላል። እውነቱ ግን ለእግር ኳሱ ትንፋሼ፣ ለቼዙ ትዕግሥቴ ስላልበቃ የተረፈኝ ቦታ እሱ ብቻ ነበር። የማያውቅ ካለ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ኢሠማኮ፣ የሠራተኞች ስፖርት ውድድር ያካሂዳል። ከእግር ኳስና ከመረብ ኳስ ጎን ለጎን የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ዳማ፣ ከረንቡላ እና ዳርትም አሉበት። እኔ ዋንጫ የሚባል በእጄ ነክቼ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ይዤ ወጣሁ። በተሸነፍኩ ማግሥት ተናድጄ እውላለሁ፤ ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ግን ስለሚቀጥለው ጨዋታ ማሰብ እጀምራለሁ። ሳይታወቀኝ የምጠብቀው ቀን ነበረኝ።

ወደ ቡሬ ከተመለስኩ በኋላ ዳርትን ረስቼው ነበር። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ ስሄድ ነው እንደገና ያገኘሁት። እኛ ዘንድ የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ክረምት ጀምሮ ተቋርጦ ስለነበር፣ ከተማ የሄደ ሰው ስልኩን በቪዲዮ ሞልቶ ነው የሚመለሰው። ሌላው ስብከትና ድራማ ሲጭን እኔ የእንግሊዞቹን የዳርት ፕሪሚየር ሊግ ጫንኩ።

ውድድሩ ቀላል ነው። ስምንት ሰዎች ናቸው። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ በተለያየ ከተማ ይገናኛሉ፤ ለ16 ሳምንት። በእያንዳንዱ ምሽት ያሸነፈ 5 ነጥብ፣ ለፍጻሜ ደርሶ የተሸነፈ 3፣ በግማሽ ፍጻሜ የቀረ 2 ያገኛል። በመጨረሻ አራቱ ከላይ ያሉት ለዋንጫ ይጋጠማሉ። የዚያ ዓመቱ ውድድር ካርዲፍ ላይ የተጀመረው ጥር 23 ቀን ነው፤ ጎረቤቶቻችን የአዊ ሰዎች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው በሚያከብሩት በጊዮርጊስ ቀን።

ከስምንቱ አንዱ ሉክ ሊትለር የሚባል ልጅ ነበር። በታኅሣሥ ገና በ16 ዓመቱ ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሶ በሉክ ሃምፍሪስ 7 ለ 4 ተሸንፏል። በጥር 17 ዓመት ሞላው። ከዚያ ያን ሁሉ ሳምንት፣ አንዱን ምሽት እያሸነፈ ሌላውን እየተሸነፈ፣ ሰንጠረዡን በአንደኝነት ጨረሰ። ግንቦት 15 ቀን 2016 ለንደን ላይ ፍጻሜው ላይ የጠበቀው ማን ነበር? ያው ሃምፍሪስ። አሁን 11 ለ 7 አሸነፈው፤ በዚያው ግጥሚያ ከ501 ተነሥቶ በዘጠኝ ውርወራ ብቻ ዜሮ ላይ ደረሰ። ከዘጠኝ ባነሰ መጨረስ አይቻልም።

ይህን ቪዲዮ ላሳየው የምችል አንድ ሰው ነበረኝ። የእህቴ ልጅ። እሱም 17 ዓመቱ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳለ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት ትምህርት ቤቱ ዝግ፣ ወሬው ሲረግብ መምህሩ የለም፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሆነው። ክረምቱን ማማ ላይ ወጥቶ በቆሎ ይጠብቃል። ወንጭፉ ዝንጀሮን ከሩቅ ያስለቅሳል።

ቪዲዮውን ዝም ብሎ አየና «አጎቴ፣ ይኼን ያህል ቅርብ ሆነው ነው?» አለኝ። የተጫዋቹ እግርና ሰሌዳው መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ነው። ግንድ ላይ ክብ ሣልኩለት፤ ምስማር ላይ የዶሮ ላባ አሰርኩለት። ወረወረ፤ ግንዱንም አላገኘው። ደግሞ ወረወረ። ያን ቀን ሳይበላ ነው የመሸበት።

ቁጥሮቹን ጽፌ ስሰጠው ያለኝን አልረሳውም። «ይኼ ሰሌዳ ተንኮለኛ ነው። 20ን ፈልገህ ትንሽ ብትስት ወይ 1 ላይ ወይ 5 ላይ ይጥልሃል።» እኔ ስንት ጊዜ ስጫወት ይህን አስቤው አላውቅም። እውነቱን ነው፤ ሰሌዳው የተደረደረው ችኩሉን ለመቅጣት ነው።

ታዲያ ግንዱ ለምስማር እምቢ ሲለው ነው ወደ እናቱ ሰፌድ የዞረው።

እህቴን አስቀምጬ ቡና አስመጣሁላትና ዋናው ሰሌዳ ከምን እንደሚሠራ ነገርኳት። ከቃጫ ነው። ተጠቅጥቆ፣ ተጨምቆ፣ ጫፍ ጫፉ ወደ ፊት ሆኖ፤ ለዚህ ነው የተወጋው ቦታ መልሶ የሚገጥመው። «የእኛው ቃጫ? ገመዱ?» አለች። አዎ፣ ልጅሽ ወንጭፍ የሚገምድበት ቃጫ። ዝም አለች። በሁለተኛው ሳምንት ከቃጫና ከሰንበሌጥ ወፈር አድርጋ የሰፋችውን ሰሌዳ ልጇ ተሸክሞት መጣ። «ሰፌዴን እንዳይነካብኝ ብዬ እንጂ ለጨዋታችሁ አይደለም በልልኝ» ብላ ልካለች።

ከዚያ ሊግ ተቋቋመ። ስምንት ልጆች፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ። ነጥቡም እንደ እንግሊዞቹ 5፣ 3፣ 2። ሰንጠረዡ የጎተራው በር ላይ በከሰል ተጻፈ። እኔን የገረመኝ ውርወራው አልነበረም፤ ሒሳቡ ነው። ከ501 ይነሣሉ፤ የወረወሩትን ይቀንሳሉ፤ መጨረሻው ደግሞ የግድ በድርቡ ቀለበት መሆን አለበት። 40 የቀረው ድርብ 20 ይፈልጋል። 37 የቀረው መጀመሪያ ጎደሎውን ቁጥር መስበር አለበት። በሁለት ዓመት ውስጥ እርሳስ ያልጨበጡ ልጆች «121 ቀረህ፤ በሦስት ውርወራ ትጨርሳለህ!» «አልጨርስም!» እያሉ ሲከራከሩ ቆሜ ሰማሁ። ማንም አስገድዷቸው አይደለም። የሚቀንሱት የራሳቸውን ነጥብ ስለሆነ ነው።

ሁሉም እሁድ አልተጫወቱም። ተኩስ የተሰማበት እሁድ አለ፤ መንገድ የተዘጋበትም አለ። ከስምንቱ አንዱ ደግሞ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ አልመጣም። የት እንደሄደ የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅም አይጠይቅም። በሚቀጥለው ስሄድ ስሙ በሩ ላይ እንዳለ ነበር። ከፊቱ ያለውን ቦታ ባዶ ትተውታል። «ለምን አታጠፉትም?» ብዬ ጠየቅኩ። የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ውድድሩ አላለቀማ» አለ።

እዚህ ጋ ነው ሐሳቤን ልናገር የፈለግኩት።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «አገር እንዲህ ሆኖ አንተ ስለ ጨዋታ ታወራለህ?» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ሰሌዳ ትምህርት ቤትን አይተካም። የዳርት ሻምፒዮን ከቡሬ ገጠር ይወጣል የሚል ሕልምም የለኝም። ሊትለር ያን ሁሉ ሳምንት ሲጫወት መብራት፣ መንገድና ደመወዝ ከኋላው ነበሩ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስለ ልጆቻችን ስናወራ የቀረባቸውን ትምህርት እንቆጥራለን፤ የክፍሉን፣ የመጽሐፉን፣ የመምህሩን። የማንቆጥረው የሚጠበቅ ቀናቸውን ነው። ተማሪ ሰኞን ይጠብቃል፤ ፈተናን፣ ውጤትን፣ መስከረምን ይጠብቃል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያ ሁሉ አብሮ ይዘጋል። የሚጠብቀው ቀን የሌለው የ17 ዓመት ልጅ፣ መጥቶ «ና» ላለው ሁሉ ይነሣል።

የውድድር ዘመን ዋናው ትምህርቱ ይህ ይመስለኛል። ዛሬ ብትሸነፍ 2 ነጥብህን ይዘህ ለሳምንት ትመለሳለህ። ሊትለርም ቢሆን በማግሥቱ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ፣ በ2017 ግንቦት የፕሪሚየር ሊጉን ፍጻሜ በዚያው በሃምፍሪስ 11 ለ 8 ተሸንፏል። ሁለቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ተሸናፊውን የቀበረው የለም። እኛ አገር መሸነፍ ማለቅ የሚመስለው፣ ምናልባት የሚቀጥለውን ሐሙስ የሚያይ ስለሌለ ይሆናል።

ስለዚህ በየገጠሩ ያላችሁ መምህራን፣ የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች፣ በየከተማው ያላችሁ ባለሙያዎች፣ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ድረስ ለልጆቹ አንድ ቀን ስጧቸው። ዳርት መሆን የለበትም። ገበጣም ይሁን ገና፣ ንባብም ይሁን። ቀኑ የታወቀ፣ ነጥቡ የሚጻፍ፣ የቀረ ልጅ የሚታወቅበት ነገር ይሁን።

የእኛው ሊግ በሦስት እሁዶች ያልቃል። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ነው። እህቴ ባለፈው ገበያ ስትወጣ ስለ ሰፌዱ አላነሣችም። ቡናዋን ጠጥታ ስትነሣ «እሁድ መንገዱ ሰላም ይሆን ይሆን?» ብቻ አለችኝ።

እሁዱን ሰላም ያድርግልን።