ፍቅራችን ሳነቴ ላይ ትንፋሽ አጠረው

ይህን የምጽፈው መኪናንም ፍቅርንም በአንድ ማርሽ ለምትነዱ ወጣቶች ነው። እኔም ከእናንተው አንዱ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት ወዳጄ ጋር "ሽማግሌ ልላክ፣ ቆይ አትላክ" እያልን ስንጨቃጨቅ፣ "መጀመሪያ አንድ ሳምንት ቀስ ብለን እንጓዝና እንተያይ" አለችኝ። ከዘመድ አሮጌ ሚኒባስ ተዋስኩ። የኋላ ወንበሮቿን አስነቅዬ ፍራሽ አነጠፍኩባት፤ ቡታጋዝና ጀበና ጫንን። እናቷ ግን ብልህ ናቸው፤ የ17 ዓመት ወንድሟን "ዕቃ ይጠብቃል" ብለው ጨመሩልን። ማታ ሻሸመኔ ስናድር ፍራሹ ላይ መሃላችን የተኛው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ?

በማግስቱ ወደ ባሌ አቀናን። "ቀስ ብለን" የተባለው ጉዞ እኔ እጅ ሲገባ ውድድር ሆነ። ዶዶላ ላይ ሻይ እንጠጣ ስትል፣ "ጎባ እንጠጣለን" አልኳት። አዳባ ላይ ፈረሰኞቹን ቆመን እንያቸው ስትል፣ "ስንመለስ" አልኳት። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ የደጋ አጋዘን ዛፍ ሥር ቆሞ የሚታየው እዚያ ነው። እሷንም አለፍኳት። ሮቤንም ሳላቆም 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ጎባ ስገባ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። "ዛሬ እዚህ እንደር፤ ሰውነታችን ከፍታውን ይልመደው" አለችኝ። እኔ ወንዱ መች ሰማሁ!

ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ናት። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል። እዚያው ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ይህን ሁሉ ባንድ ከሰዓት ልዘለው ተነሳሁ። ጅብራዎቹ መታየት ሲጀምሩ ራሴን ይወቅጠኝ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ አስመለሰኝ። "ምሳው ነው" አልኩ። ወንድሟ እንኳ፣ "ጋሼ፣ ፊትህ አመድ መስሏል" አለኝ።

እሷ አልጮኸችም። "ቁልፉን ወዲህ በል" አለች ብቻ። መንጃ ፈቃድ እንዳላት እያወቅኩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን መሪ አስይዣት አላውቅም። በከባድ ማርሽ፣ ኩርባውን ሁሉ እያባበለች ጎባ አወረደችን። ስንወርድ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ፤ ሐፍረቱ ግን ባሰ። ማታ ቡና እያፈላች፣ "ያስፈራኝ ተራራው አይደለም። ዕድሜ ልኬን 'አቁም' ስልህ ልታልፈኝ ነው ወይ? እሱ ነው ያስፈራኝ" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የቀረውን ጉዞ እሷ ነዳች። ሁለት ቀን ሮቤና ዲንሾ ተመላለስን። ጠዋት ጨጨብሳ በማር በላን፤ አጋዘኑንም አየነው። በሦስተኛው ቀን በማለዳ ሳነቴ ወጣን። ራሴን ምንም አላለኝም። አንድ ቀይ ቀበሮ ከፍልፈል ጉድጓድ ዳር አድፍጦ አገኘን። በዓለም ላይ 500 እንኳ አይሞሉም የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከመንገድ ሳንወጣ፣ ሞተር አጥፍተን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። እሱም ይጠብቃል። "አየህ፣ የሚቸኩል ቀበሮ ጾሙን ያድራል" አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ሪራ ወርደን ከሐረና ጫካ ሥር አደርን፤ ጫካው ቡና ራሱ የሚበቅልበት አገር ነው።

ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ጎብኚው ይበዛል፤ እናንተም መሄዳችሁ አይቀርም። እንግዲህ ምክሬን ስሙ። ጎባ ወይም ዲንሾ ሳታድሩ ሳነቴ አትውጡ። ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ ኩራቱን ትታችሁ ውረዱ። ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ፤ በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እሳት አታንድዱ፤ አስታው ደረቅ ነው።

ፍቅረኛ ያላችሁ ደግሞ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት አብራችሁ ቀስ ብላችሁ ተጓዙ። ካፌ ውስጥ ሁሉም ጨዋ ነው፤ ሰው የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው።

እኔማ? አዲስ አበባ ስንገባ፣ "አሁን ላክ" አለችኝ። የሚኒባሷን ቁልፍ ግን እስክንመልሳት ድረስ አልሰጠችኝም።